በረኪና የጠጣው ጭቃ

(ጀልባ መጠገኛው ባለበት የሐይቅ ወሽመጥ፤ የአስጋሪዎች ማኅበር ሊቀ መንበሩ አያ ስንሻው መረብ ይጠግናሉ፣ የሟች ጓደኛቸው የቢያድግልኝ ልጅ ትርንጎ፣ የውሃ ባለሙያዋ፣ ሁለት ባልዲ ጭቃ ይዛ ፊታቸው ቆማለች።)

ትርንጎ፦ ልጅ ሆኜ እርስዎና አባቴ ታንኳ ላይ ስታወሩ ሰምቻለሁ። ብዙውን ረስቼዋለሁ። ብቻ በመቅዘፊያው ጫፍ የወጣውን ጭቃ እያሸተታችሁ፣ አንዳችሁ «እዚህ ዓሣ ይወልዳል» አላችሁ።

አያ ስንሻው፦ እኔ ነኝ ያልኩት። አባትሽማ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አፍንጫ አልነበረውም። በዚህ ልታለሳልሽኝ ነው? አይሆንም አልኩሽ! ሰኞ እስካቫተሩ ይመጣል፣ የገማውን ጭቃ ዝቆ መሀል ሐይቅ ይደፋዋል፣ አለቀ።

ትርንጎ፦ ከጀልባ መጠገኛው ፈሶ ጭቃው ውስጥ የገባው ናፍጣም አብሮ ይደፋል። ዛሬ የታመመው ወሽመጡ ብቻ ነው፤ ያኔ ሐይቁ በሙሉ ይታመማል። ተጨማሪ አንድ ወር ይስጡኝ። ማኅበሩ ከእርስዎ ቃል አይወጣም።

አያ ስንሻው፦ ለምኑ ነው አንድ ወር? ለትሎችሽ?

ትርንጎ፦ ባክቴሪያ ናቸው። ናፍጣ ይበላሉ።

አያ ስንሻው፦ እሰይ! ስድሳ ዓመት በዚህ ውሃ ላይ ስኖር ናፍጣ በልቶ ያደረ ፍጥረት አላየሁም።

ትርንጎ፦ በዓይን አይታዩማ።

አያ ስንሻው፦ በማይታይ እኔም አምናለሁ፤ በቤተ ክርስቲያን እንጂ በባልዲ አይደለም።

ትርንጎ፦ እርጎዎን የሚያረጋው ማነው?

አያ ስንሻው፦ ሚስቴ። እሷ ደግሞ ትታያለች፤ ትሰማለችም።

ትርንጎ፦ አያ ስንሻው፣ ባዕድ አላመጣሁም። ከዚሁ ጭቃ አውጥቼ አባዛኋቸው፣ ምግብና አየር ሰጥቼ መለስኳቸው።

አያ ስንሻው፦ ጀርም ቀለብኩ በይኛ! ሰው ከብት ያረባል፣ ንብ ያረባል፤ የቢያድግልኝ ልጅ ተምራ ተምራ ተስቦ ታረባለች። የተማረ ይግደለኝ ሲሉ ለካ ላንቺ ነው። ሦስት ወር ሙሉ ምን አመጣሽ? ትሎችሽን ልትዘሪ ቀኝና ግራ ካጠርሽው ጭቃ የቀኙ ዛሬም ይከረፋል!

ትርንጎ፦ በቀኙ አንድም አልተረፈም። ጭቃውን ባሸተው በረኪና በረኪና አለኝ።

አያ ስንሻው፦ ...ምን አለሽ?

ትርንጎ፦ ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል። ደንገሉ ሥር ሦስት ባዶ የበረኪና ጀሪካን አገኘሁ፤ በእርስዎ የታንኳ ገመድ ታስረዋል።

አያ ስንሻው፦ እና! ጀርም ነው አላልሽም? የጤና ጣቢያዋ ልጅ በየቤቱ እየዞረች «ጀርምን የሚገድለው በረኪና ነው» ስትለን ከርማለች። የልጅ ልጆቼ በሚዋኙበት ውሃ ጀርም ሲዘራ ቁጭ ብዬ ልይ? ሰው አልገደልኩ!

ትርንጎ፦ ሠራተኞቼን ነው የገደሉት።

አያ ስንሻው፦ ሰልስታቸው መቼ ነው? መጥቼ ላስተዛዝን።

ትርንጎ፦ ይቀልዱ። የግራውንስ ለምን ማሩት?

አያ ስንሻው፦ እሱ ከታቦት ማደሪያው ፊት ለፊት ነው። ጥምቀት በሚባረክ ውሃ ላይ በረኪና አልደፋም። እግዜር ያየኛል።

ትርንጎ፦ እንኳን አየዎት። ይኸው፣ አንዱ ባልዲ ከቀኙ ነው፣ አንዱ ከግራው። አባቴ አፍንጫ አልነበረውም አሉ። የእርስዎ ካለ፣ ያሽትቱ።

አያ ስንሻው፦ ንቀት! አምጪው። ...ይህ የቀኙ ነው፤ ጋራዥ ጋራዥ ይላል።

ትርንጎ፦ ያኛውስ?

(አያ ስንሻው ባልዲውን ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው ደጋግመው ያሸታሉ።)

ትርንጎ፦ አያ ስንሻው?

አያ ስንሻው፦ ዝም በይ፣ እያሸተትኩ ነው። ...የደንገል ሥር ይላል። አባትሽ ከሞተ ወዲህ ይህን ሽታ አላገኘሁትም።

ትርንጎ፦ ዓሣ ይወልዳል?

አያ ስንሻው፦ ገና ነው። ግን እያሰበበት ነው።

ትርንጎ፦ ሰኞስ?

አያ ስንሻው፦ ሰኞ ታንኳዬን እስካቫተሩ በሚገባበት አግድሜ አስራለሁ። ቀኙንም እንደገና ዝሪው፤ አጠገብሽ ቆሜ እጠብቃለሁ። አንድ ነገር ብቻ፣ የበረኪናውን ነገር ለመንደሩ እንዳትነግሪ። ስንሻው የጀርም ዘበኛ ሆነ ይበሉኝ፤ ገዳያቸው ነበር ግን አይበሉኝ።