የኔታና የስታቢላይዘሩ ዜማ

ሥራነሽ ሬዲዮና ሞባይል የምትጠግንበትን ሱቅ ዘግታ፣ የሽቦ መበየጃ እርሳስ ልትገዛ በይጁቤ ቅዳሜ ገበያ ስታልፍ፣ ከጨርቅ ተራው ጫፍ ከመሪጌታ ወልደ ሚካኤል ጋር ተገጣጠመች። በብብታቸው አዲስ ዳንቴል ይዘዋል። ለማን እንደተገዛ ገባት።

«እንደምን ዋሉ፣ የኔታ? ሠርግ አለ እንዴ?»

«ለመቅረጫው ነው፣ ልጄ። ያ ጉርምርምታ አልለቀቀኝም። የፊተኛው ዳንቴል ስስ ቢሆን ነው ብዬ ወፍራም ገዛሁለት።»

የኔታ አርባ ዓመት ዜማ ያስተማሩ ሊቅ ናቸው። ጉሮሯቸው ታሞ፣ ደብረ ማርቆስ ያለው ሐኪም ከወር በኋላ በቀዶ ጥገና ካልታከመ እንደማይሆን፣ ድምፃቸውም እንደ ቀድሞው እንደማይመለስ ቁርጡን ነግሯቸዋል። ስለዚህ ከመምህራቸው የተቀበሉትን ዜማ ለተማሪዎቻቸው በመቅረጫ ማስቀመጥ ጀመሩ። አሥራ አንድ ቀን ቀረጹ፤ በአሥራ አንዱም ላይ «ምምም» የሚል ጉርምርምታ አለ። የቀራቸው አሥራ ዘጠኝ ቀን ነው።

ጥፋቱ ከአቀማመጡ ነበር። በአገራችን የከበረ ዕቃ አንድ ላይ ተደራርቦ ዳንቴል ይለብሳል። የኔታም ኮረንቲውን የሚያስተካክለውን ስታቢላይዘር ከታች፣ መቅረጫውን ከላይ አድርገው፣ የማይኩን ሽቦ ከኮረንቲው ሽቦ ጋር እንደ ሙሽራና ሚዜ በክር አጣምረው አስረዋል። ሥራነሽ ይህን ለይተው እንዲያስቀምጡ ሦስት ጊዜ ነግራቸው ነበር። ሊቅ ሰው ግን ከማያውቀው ነገር ይልቅ አለማወቁን ማወቅ ይከብደዋል።

«የኔታ፣» አለች አብራቸው እየሄደች፣ «ዳንቴል አቧራ ይከለክላል እንጂ ማግኔት አይከለክልም። ስታቢላይዘሩ ሆዱ ውስጥ ብረት ላይ የተጠቀለለ ሽቦ አለ። ኮረንቲ ሲያልፍበት ዙሪያውን ማግኔት ይረጫል። መቅረጫው ድምፅዎን ወደ ቁጥር ሲለውጥ የሱንም አብሮ ይለውጠዋል። ሊቁን ከብረቱ አይለይም።»

«እንግዲያው ከተቀረጸ በኋላ አጥሪው።»

«ወጥ ውስጥ የበዛ ጨው በወንፊት ይለቀማል? ጉርምርምታውን ልቁረጥ ስል የድምፅዎን ወፍራሙን አብሬ እቆርጠዋለሁ።»

«አሥረኛን አልጨረሰችም ሲሉሽ እሰማለሁ። ይህን ማን አስተማረሽ?»

«የሰሙት እውነት ነው። ራሴን ያስተማርሁት እኔው ነኝ፤ መምህሯም ተማሪዋም ሰነፍ አልነበሩም።» ትንፋሿን ሰብሰብ አደረገች። «ኳንተም ኮምፒውተር ስለሚባል መሣሪያ አንብቤያለሁ። እጅግ ረቂቅ በሆነ ነገር የሚያሰላ ነው። የሚቀመጥበት ብርድ የጮቄ ተራራን ውርጭ ምድጃ ያስመስለዋል። መልሱን በሹክሹክታ ነው የሚሰጥ፤ ሹክሹክታውን አጉልተው ወደ ቁጥር ይለውጡታል። የምድር ማግኔት እንኳ ያናጋዋል። ሠሪዎቹ ታዲያ ማግኔት በሚመልስ ልዩ ብረት ይሸፍኑታል፤ መሄጃና መመለሻውን ሽቦ ይገምዱታል፤ ኃይል የሚያመጣውን ከሹክሹክታው ያርቁታል። ዳንቴል አለበሱት የሚል ግን አላነበብሁም።»

«እነሱ ቁጥር ይጠብቃሉ። እኔ የምቀርጸው ዜማ ነው።»

«ዜማ ከቁጥር አንሶ ነው ጥንቃቄ የሚነፈገው?»

የኔታ ዳንቴሉን በብብታቸው አጥብቀው እርምጃቸውን አፈጠኑ።

ቤታቸው ደጃፍ ሲደርሱ ዲያቆን ገዳሙ፣ ከተማሪዎቻቸው ሁሉ ጆሮው የሚመሰገነው፣ ከመቅረጫው ወደ ሞባይሉ የገለበጠውን እየሰማ ያዜማል። አንዱን የዜማ ቤት አሳምሮ ዘለቀና ሲጨርስ አፉን ገጥሞ በአፍንጫው «ምምም» እያለ ቆየ።

የኔታ ቀጥ አሉ። «መጨረሻ ላይ ያመጣኸው ምንድን ነው?»

«ማሳረፊያው ነው፣ የኔታ።»

«ማን ሰጠህ?»

«እርስዎ ነዎት። በአሥራ አንዱም ላይ አለ። ትንፋሽ ይጨርሳል እንጂ ሁላችንም ይዘነዋል።»

ሥራነሽ ሳቋ መጣ፤ የሽማግሌውን ፊት ስታይ ዋጠችው። የኔታ መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ በተሰበረ ድምፅ፣ «ስታቢላይዘሩን ተምረዋል» አሉ። ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ። «ግቢ። አሳዪኝ።»

«እኔ አልናገርም። ጆሮዎ ይፍረድ።»

ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አድርጋ፣ የታሰረውን ሽቦ ፈትታ መቅረጫውን አነሣች። አንድ እርምጃ ስትርቅ ጉርምርምታው ሳሳ፤ በሦስተኛው ጠፋ። «መልሺው» አሉ። መለሰችው፤ መጣ። ተማሪ እንደሚፈትኑ ሦስት ጊዜ አስደገሟት።

ስታቢላይዘሩ በር ሥር ወረደ፤ መቅረጫው ማዶ መደቡ ላይ ተቀመጠ።

«ሽቦዎቹ መገናኘት ግድ ቢሆንባቸውስ?»

«ጎን ለጎን አይሂዱ። በመስቀል ይተላለፉ፤ ያኔ አንዱ በሌላው ላይ የሚጥለው ጥቂት ነው።»

«እሱስ ያምራል። ይህን አስቀድመሽ ብትነግሪኝ አሥራ አንድ ቀን ባልጠፋ።»

«አራተኛ ጊዜዬ ነው፣ የኔታ።»

በቀሩት ቀናት የጠፋውን ሁሉ ደግመው ቀረጹት፤ የየኔታ ድምፅ ብቻውን ጥርት ብሎ ተቀመጠ። ዕቃን ለይቶ ማስቀመጥ አዲስ ዕቃ አያስገዛም፣ ድካም አያበዛም፤ ጥቅሙ ግን መምህር የሰጠው ሳይጨመርበት ሳይቀነስበት ለተማሪ መድረሱ ነው። የደብሩም ድምፅ ማጉያ በዚሁ ምክር ማጉረምረሙን ተወ። ዳንቴሉም ሥራ አላጣም፤ አቧራ ይከለክላል።

ገዳሙ ግን የለመደው ቶሎ አልለቀቀውም። ሲደክመው ዛሬም «ምምም» ያመልጠዋል። ያን ጊዜ የኔታ፣ ከሕክምናው ወዲህ ድምፃቸው አይወጣምና፣ መቋሚያቸውን አንሥተው በር ሥር ወደተቀመጠው ስታቢላይዘር ይጠቁሙታል።