ለተጠባባቂው የተሳሉት ጃንጥላ

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከደባርቅ ወደ ጎንደር የሚሄደው ሚኒባስ ሞልቶ ተነሣ። ከፊቴ አንዲት እናት በነጠላ የጠቀለሉትን አዲስ ጃንጥላ ታቅፈዋል። አጠገባቸው የተቀመጠው ነጋዴ ዝም ማለት አልቻለም።

«እማማ፣ ዝናብ ፈርተው ነው?»

«የዳባቱ ገብርኤል ስለት ነው፣ የኔ ልጅ። የበኩር ልጄ ቱርክ አገር ቅርጫት ኳስ ይጫወታል። ከፈረመ የመጀመሪያ ዓመቱ ነው።»

«ይጫወታል?»

«እስካሁን ተጠባባቂ ወንበር ላይ ነበር።»

«ለመቀመጥም ደመወዝ አለ? እኔንም ያስቀጥሩኝ!»

«አንተማ ቁመትህ ለወንበሩም አይደርስ።»

«እሺ፣ ስለቱስ?»

«‹ሜዳ ይግባልኝ› ብዬ ነበር የተሳልሁ። እሑድ ገባ።»

«ስንት ነጥብ አስቆጠረ?»

«ኳሱን ሳይነካ ወደቀ። ጉልበቱን ኦፕራሲዮን አደረጉት።»

«ለዚህ ነው ጃንጥላ? ቢያስቀሩትም ገብርኤል አይቀየምዎትም።»

«ይግባ አልሁ፣ ገባ። እሱ የተጠየቀውን አድርሷል፤ እኔም የእኔን ላድርስ።»

«ዛሬስ ምን ሊሳሉ ነው? ዋንጫ?»

«ቆሞ እንዲሄድልኝ።»

ዳባት ላይ ሲወርዱ ጃንጥላውን ተቀብዬ፣ እግራቸው መሬት እስኪረግጥ ያዝሁላቸው።