የአድራሻው ሳጥን

ክቡራትና ክቡራን፣ ክቡር ሥራ አስኪያጃችን፣ የስልክ ክፍል እህቶቼና ወንድሞቼ፣ የአምቡላንስ ሾፌሮቻችንና ነርሶቻችን፤ ከሁሉ በፊት አመሰግናለሁ። ወንበር ከየቢሮው ተሸክማችሁ ይህን አዳራሽ ያሰናዳችሁ፣ ተራችሁን ለባልደረባ አደራ ብላችሁ ለአንድ ሰዓት ብቅ ያላችሁ ሁሉ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ለመሸኛዬ ይህን ያህል ሰው ይመጣል ብዬ አልጠበቅኩም።

ቅድም የተናገሩት ሁሉ አመሰገኑኝ። አንዱ ሾፌር፣ "ጋሼ ሪስታርት ባይኖር ይህ ቤት በእግሩ አይቆምም ነበር" አለ። ሳቃችሁ፣ እኔም ሳቅኩ። ለአዲሶቹ ልንገራችሁ፦ ስሙ የወጣልኝ፣ ማንም ሰው "ኮምፒውተሬ እምቢ አለኝ" ብሎ ሲደውል ምን እንደሆነ እንኳ ሳልጠይቅ "አጥፍተህ አብራው" ስለምል ነው። አንድ ቀን የጋራዡ ኃላፊ፣ "ጋሼ፣ አምቡላንሷ አልነሳ አለች" ቢለኝ፣ ከአፌ አምልጦኝ "አጥፍተህ አብራት" አልኩት።

"አልበራ ብላኝ እኮ ነው የደወልኩት!" አለኝ።

ሳቁ፣ ሳቁ። ግድ የለም። በዚሁ ቃል ግን ሰው ጎድቻለሁ። ዛሬ ማይኩን የያዝኩት ያንን ልናገር ነው፤ እስከ መጨረሻው ታገሱኝ።

የስልክ ክፍሉን ፕሮግራም የሠራሁት እኔ እንደሆንኩ ታውቃላችሁ። ሰው ይደውላል፣ ስልክ ያነሳችው ልጅ አድራሻውን ስክሪኗ ላይ ባለው ሳጥን ውስጥ ትጽፋለች፣ "ላክ" የሚለውን ትጫናለች፣ አድራሻው አምቡላንሱ ውስጥ ባለው ስክሪን ላይ ይወጣል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ይጎበኝ ነበር። እኔም ከኋላ ቆሜ ደረቴን እነፋ ነበር።

ከዚያ አንድ ቁልፍ ጨመርኩበት። "አድራሻ ሙላ" የሚል። ደዋዩ ከዚህ በፊት የተመዘገበ ቤት ካለው፣ ቁልፉ ሲጫኑት ሳጥኑን ራሱ ይሞላዋል። ማን ጨምር አለኝ? ማንም። ጣታችሁን ላሳርፍ ብዬ ነው።

አሁን ትንሽ የሙያዬን ነገር ላስረዳ፤ አላረዝመውም። ፕሮግራሙ ጃቫስክሪፕት በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ የተጻፈ ነው፤ ሌሎች ባዘጋጁት ማዕቀፍ፣ ማለትም ዝግጁ መሠረት፣ ላይ ቆሞ ይሠራል። ማዕቀፉ በየሳጥኑ ምን እንዳለ የራሱን ማስታወሻ ይይዛል። ሰው በጣቱ ሲጽፍ ይሰማና ማስታወሻውን ያድሳል። "ላክ" ሲባል የሚልከውም ያንን ማስታወሻ ነው። እኔ ቁልፌን ስሠራ ለማዕቀፉ ምንም ሳልነግረው ጽሑፉን በቀጥታ ሳጥኑ ላይ ለጠፍኩት። ስክሪኑ ተቀየረ፤ ማስታወሻው ግን አልሰማም። ስለዚህ ዓይን አንድ አድራሻ ያያል፣ አምቡላንሱ ጋ ሌላ አድራሻ ይደርሳል።

ይህ እንዴት ቶሎ አልታወቀም ትሉኛላችሁ። ብዙዎቻችሁ ቁልፉን ከተጫናችሁ በኋላ የፎቅ ቁጥር፣ ወይም "ከፋርማሲው ጀርባ" የሚል በእጃችሁ ትጨምሩ ነበር። አንዲት ፊደል ከተነካች ማዕቀፉ ነቅቶ ሳጥኑን በሙሉ ያነበዋል፣ ሁሉም ይስተካከላል። ሳይነኩት የላኩት ግን ደውለውልኛል። "ጋሼ፣ ሞልቼው ባዶ ነው ይለኛል" ያላችሁኝ አላችሁ፤ አሁንም እዚህ ተቀምጣችኋል። ምን አልኳችሁ? አጥፍታችሁ አብሩት።

ከስድስት ዓመት በፊት፣ አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ እታለም ስልኩ ላይ ነበረች። እታለምን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ያኔ በስልክ ክፍሉ አሥራ አንድ ዓመት ሠርታ ነበር። የተደናገጠን ሰው በድምጿ ብቻ የምታረጋጋ ሴት ናት። የአንድ አናጺ ሚስት ደወለች። ባሏ ድንገት ወድቋል፣ አፉ ተጣሟል፣ መናገር አቅቶታል። ሴትዮዋ ከድንጋጤዋ የተነሳ መጀመሪያ የተናገረችው የባሏን የእንጨት ሥራ ቤት አድራሻ ነበር። እታለም ጻፈችው። ወዲያው ሴትዮዋ፣ "አይ፣ አይ! ቤት ነን! ዛሬ ሥራ አልሄደም!" አለች። እታለም የእኔን ቁልፍ ተጫነች። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ተቀየረ። ጮክ ብላ አነበበችላት፦

"ከውሃ ታንከሩ ዝቅ ብሎ፣ አረንጓዴ በር?"

"አዎ እሱ ነው! ድረሱልኝ!"

"እየመጡልሽ ነው እህቴ፣ ስልኩን እንዳትዘጊው።"

ላከችው። አምቡላንሱ ሄዶ ከተቆለፈ የእንጨት ሥራ ቤት ፊት ቆመ። ነገሩ ታውቆ እስኪዞር አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ባከነ። አናጺው ተረፈ። ቀኝ እጁ ግን ከዚያ ወዲህ መዶሻ አላነሳችም። ያ ጊዜ ባይባክን ትድን ነበር ወይ ተብለው ሐኪሞቹ ሲጠየቁ፣ "ሊሆን ይችላል" አሉ። ከዚያ አላለፉም።

አጣሪ ኮሚቴው የተቀመጠው እዚሁ አዳራሽ ነው። ለሁሉም ትምህርት ይሁን ተብሎ ሠራተኛው በሙሉ ተጠራ። የስልኩ ቅጂ ተከፈተ፤ የእታለም ድምፅ አረንጓዴውን በር ሲያነብ ሁላችንም ሰማን። ቀጥሎ የተላከው መዝገብ ታየ፤ የእንጨት ሥራ ቤቱ ነው።

"ያነበብሽው ትክክል ነው፣ የላክሽው ግን የፊተኛውን ነው" አላት ሰብሳቢው።

"ተቀይሮ ነበር" አለች። "በዓይኔ አይቼዋለሁ። ካየሁት ነው ያነበብኩት።"

ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞረ። "ባለሙያው ምን ይላሉ?"

ተነሳሁ። ከረባት አስሬ ነበር። "ሲስተሙ የተሰጠውን ነው የሚልከው" አልኩ። "ስክሪኑ ጎን ላይ ከሚታየው የደዋዮች መዝገብ አይታ አንብባ ይሆናል እንጂ ሳጥኑን አልቀየረችውም።" ይህን ስል አልፈተሽኩም። አንድ ጊዜ እንኳ ቁልፉን ተጭኜ አላየሁም። የገዛ እጄ ሥራ ይሳሳታል ብዬ ለማሰብ ኩራቴ አልፈቀደልኝም።

እታለም ዞራ አየችኝ።

የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተጻፈባት፤ ከስልክ ክፍሉ አንስተው ምድር ቤት ፋይል ክፍል አስገቧት።

በሦስተኛው ሳምንት ከስልክ ክፍሉ አንዷ፣ "ጋሼ፣ የማየውና የሄደው አይገናኝም፤ ደግነቱ ሾፌሩ ደውሎ ጠየቀኝ" አለችኝ። በሬን ዘግቼ ሞከርኩት። አንድ አድራሻ ጻፍኩ፣ ቁልፉን ተጫንኩ፣ ሌላ አድራሻ መጣ፣ ላክሁ። የሄደው የመጀመሪያው ነው። ደገምኩት። አሁንም የመጀመሪያው ነው። መፍትሔው አንዲት መስመር ነበረች፦ በሳጥኑ ላይ መለጠፉን ትቶ ለማዕቀፉ ማስታወሻ መንገር፤ ሳጥኑ ከማስታወሻው ያነባል። አስተካከልኩት። የለውጥ መዝገቡ ላይ ምን ብዬ ጻፍኩ መሰላችሁ? "ጥቃቅን ማስተካከያ።"

ለምን ዝም አልኩ? ፈራሁ። የክፍሉ ኃላፊ ልሆን ነበር፤ ሆንኩም። ነገ እናገራለሁ አልኩ። ሰኞ እናገራለሁ አልኩ። ከፈቃድ ስመለስ አልኩ። እንዲህ እያልኩ ስድስት ዓመት አለፈ።

እሷ ደግሞ ሰላምታዋን አላቋረጠችም። አንድ ቀን ደረጃው ላይ አስቆመችኝ። ቀሚሷ ላይ የፋይል አቧራ ነበር።

"ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት" አለችኝ። "ሰው ያላየውን ነገር አየሁ ሊል ይችላል? ዓይኔን ተመረመርኩ፤ ደህና ነው አሉኝ። አሁን ምድጃ ማጥፋቴን ሦስቴ ሳልፈትሽ ከቤት አልወጣም። ልጄ ትስቅብኛለች። እኔ ግን የማየውን ማመን አቃተኝ።"

ምን አልኳት? "ድካም ነው፣ ዕረፍት ውሰጂ።"

አያችሁ፣ አናጺው እጁን ያጣው ባላወቅኩት ስህተት ነው። ይህቺን ሴት ግን የጎዳኋት እያወቅኩ ነው። የገዛ ዓይኗን ነጠቅኋት።

ባለፈው ወር ሥራዬን ለምትረከበው ባለሙያ የለውጥ መዝገቡን ሳስረክብ፣ ጣቷ አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

"ጋሼ፣ ይሄ 'ጥቃቅን ማስተካከያ' የአድራሻውን ሳጥን ነው የነካው። ቀኑም ከዚያ ነገር በኋላ ነው።"

"ተይው" አልኳት።

"የሚተው ነገር ነው?" አለችኝ፤ ድምጿን ሳታነሳ።

በማግስቱ ፋይል ክፍል ወረድኩ። እታለም መሰላል ላይ ቆማ ነበር። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳት። ስጨርስ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

"ተቀይሮ ነበር?"

"ተቀይሮ ነበር። ያየሽው ልክ ነው።"

ወርዳ መሰላሉ እግር ላይ ተቀመጠች። እኔ በጉልበቴ ስንበረከክ፣

"ይነሱ" አለችኝ። "እዚህ ይቅርታ አይጠይቁኝ። እዚህ ከፋይል በቀር የሚሰማ የለም። ያኔ ሲናገሩብኝ አዳራሹ ሙሉ ነበር።"

ከዚያ አናጺው ቤት ሄድኩ። በግራ እጁ ጨበጠኝ። ሚስቱ ሰምታ ስትጨርስ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። "ስሟን እንኳ ሳላውቅ ስድስት ዓመት ሙሉ ረገምኳት" አለች። እኔን ግን አልረገመችኝም። ብትረግመኝ ይሻለኝ ነበር።

ለሥራ አስኪያጃችን ደብዳቤ ጻፍኩ። "ደብዳቤው ይበቃል፤ በመሸኛዎ ቀን ስምዎን ለምን ያቆሽሻሉ?" አሉኝ። ለደግነታቸው አመሰግናለሁ። የእሷ ስም ግን የቆሸሸው በደብዳቤ ብቻ አልነበረም፤ በዚህ አዳራሽ፣ በእኔ አፍ ነው። ትናንት ማስጠንቀቂያው ከማኅደሯ ወጥቷል። ወደ ስልክ ክፍሉ ተመለሺ ተብላለች፤ "አስብበታለሁ" ብላለች። መብቷ ነው።

እታለም፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ አይሻለሁ። አድራሻውን ቀይረሽዋል። በትክክል አንብበሽዋል። በትክክል ልከሽዋል። ያሳሳተው የእኔ ሥራ ነው፣ የዋሸው የእኔ ዝምታ ነው። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ይቅርታ እጠይቅሻለሁ። መልስ አልጠብቅም።

ያዘጋጃችሁልኝን ስጦታ አይቼዋለሁ፣ ልቤን ነክቶታል። ዛሬ ግን አልወስደውም።

የእኔን ወንበር ለምትረከቢው ልጄ አንድ አደራ አለኝ። አንዷ ደውላ "ያየሁትና የሄደው አይገናኝም" ካለችሽ፣ ስልኩን ዝጊና ሄደሽ አጠገቧ ተቀመጪ። እጇ የሚሠራውን እዪ። ከእኛ ቢሮ እስከ ስልክ ክፍሉ አንድ ኮሪደር ነው። እኔ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ለዚህ ጉዳይ አንድ ቀን እንኳ አልተሻገርኩትም።

ስልክ የምታነሱ ልጆቼ፣ ድምፃችሁ አይዛል። ሾፌሮቻችን፣ የምታንኳኩት በር ሁሉ በሰዓቱ ይከፈትላችሁ። ነርሶቻችን፣ እጃችሁ ይባረክ። ልጆቻችሁን በጤና ያሳድግላችሁ። ያያችሁትን ስትናገሩ የሚያምናችሁ ባልደረባ አይንሳችሁ። ነገ በተራችሁ እዚህ ስትቆሙ፣ ምስጋናውን ቀና ብላችሁ የምትሰሙ ያድርጋችሁ።

ማይኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠዋለሁ። እታለም መናገር ከፈለገች መንገድ ልቀቁላት፤ ካልፈለገች አታስጨንቋት። ደህና ሁኑልኝ።