ከውሃው ማዶ ያለው ጭስ

— ሄሎ? … አዎ፣ ራግና ነኝ። አይቪን! የወንድሜ ልጅ፣ ባልከው ሰዓት መደወልህ ጠበቃነትህን ያስታውቃል። … ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ዝናቡን ከሬዲዮው ቀድሞ ይነግረኛል።

— አዎ፣ ከውሃው ማዶ ያለውን ቤቴን የተከራየው ቶራልፍ፣ የባሌን የሂያልማርን ምድጃ አንድዶታል። ትናንትም፣ ዛሬም፤ ጭሱ ከመስኮቴ ይታየኛል። … በውሉማ ተጽፏል፤ «ተከራዩ የእንጨት ምድጃውን እንዳያነድድ» ብለህ የጻፍከው አንተው አይደለህ?

— እሺ፣ ቀስ ብለህ ንገረኝ። … መጀመሪያ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ … የሚታረምበት ጊዜ … እምቢ ካለ ውሉን እናፈርሳለን … አልወጣም ካለ ፍርድ ቤት። … ቁልፉን ራሴ ብቀይረውስ? … ኧረ አትጩህብኝ፣ ለጨዋታ ነው! ጥፋተኛዋ እኔው እሆናለሁ፣ ገባኝ።

— ኢንገር፣ መጋረጃውን እንዳትዘጊው! … ጎረቤቴ ናት። ሹራብ እሠራለሁ ትላለች እንጂ ጆሮዋ እኛ ዘንድ ነው።

— ምን አልክ? … ጭስ ማውጫው? … አይ፣ አልተሰነጠቀም። ጭስ ማውጫ የሚጠርገው ሰው በጸደይ ጣሪያው ላይ ወጥቶ አይቶት፣ ደህና ነው ብሎ ፈርሞልኛል። … ታዲያ ለምን ከለከልሽ ትለኛለህ …

— አይቪን፣ ትሰማኛለህ? … እኔ ከውሃው ወዲህ ባለው ትምህርት ቤት ሳስተምር፣ ሂያልማር ማዶ ቤታችን ሆኖ ዓሣው ሲበስልለት እርጥብ የጥድ ቅርንጫፍ እሳቱ ላይ ይጥል ነበር። ጭሱ ነጭ ሆኖ ይወጣል። «ራግና፣ ነይ» ማለቱ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ጀልባዬን ፈትቼ ወደ ቤት የቀዘፍኩት ያንን እያየሁ ነው። … ከሞተ በኋላ ያ ጭስ ያለ እሱ እንዳይታየኝ ብዬ ነው የከለከልኩት።

— አላለቀስኩም፤ ጉንፋን ነው። … ትናንት ጭሱን ሳይ ምን እንዳደረግሁ ታውቃለህ? ቦት ጫማዬን አጥልቄ ወደ ውሃው ዳር ወረድኩ። ጀልባዋን ከሸጥኩ አራት ዓመት አልፎ! እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

— ዝም ካልኩት እንደፈቀድኩ ሊቆጠርብኝ ይችላል? … እንግዲያው ዝም አንበለው። ጻፍለት። … ማስጠንቀቂያ አይደለም! ያንን አንቀጽ ሰርዘውና፣ ምድጃውን ያንድድ በለው። እሁድ እሁድ ደግሞ፣ ከጓሮው ጥድ አንድ እርጥብ ቅርንጫፍ ይጣልበት። … በሕግ ማስገደድ አይቻልም? እንግዲያው ለምንልኝ፣ የኔ ጌታ።

— የጻፍከውን ነገ ታነብልኛለህ። አሁን ልዝጋው … ጭሱ እየሳሳ ነው፤ ሳይጠፋ ልየው።