ውሃ መራጩ ሾፌር አቶ ገዳሙ ወልደ ሩፋኤል

የአባታችን የአቶ ገዳሙ ወልደ ሩፋኤል ኑሮ የተበላሸው ጥር ፳፩ ቀን ፲፱፻፺፭ ዓ.ም. ነው። ዜና ሕይወትን ከልደት መጀመር ወግ ቢሆንም፣ እኔ የበኩር ልጃቸው ምናለ ይህን ቀን ሳላስቀድም ማንበብ አልቻልኩም።

አቶ ገዳሙ ከአባታቸው ከቄስ ወልደ ሩፋኤል አካለ ወልድና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ፣ በመርጡለ ማርያም አካባቢ በ፲፱፻፵፬ ዓ.ም. ተወለዱ። ዳዊት ደግመው ቅኔ ቤት ሊገቡ ሲጠበቁ፣ የገበያ ጭነት ባመጣ መኪና ልባቸው ተማርኮ ወደ ደብረ ማርቆስ መጡ፤ በረዳትነት ሠርተው መንጃ ፈቃድ ካወጡ በኋላ ወይዘሮ የብርጓልን በተክሊል አግብተው ሦስት ልጆች ወለዱ።

በቤታችን ክረምት ሲገባ የሚታየው ነገር ዛሬም ከዓይኔ አይጠፋም። አባታችን የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች የቆርቆሮውን አቧራ አጥበው እስኪያልፉ ይታገሡና፣ ከዚያ በርሜላቸውን ከአሸንዳው ሥር አስጠግተው፣ የሞላውን በንጹሕ ጨርቅ አጥልለው ለራዲያተር ያስቀምጡ ነበር። እናታችንም ልብስ የምታጥብበትን ውሃ ከወንዝ ስታስቀዳ፣ «ለእኔ የወንዝ፣ ለመኪናው የሰማይ! ሚስቱ ማናችን ነን?» እያለች ትቀልድባቸው ነበር። ጭነት ይዘው ቁይ ከተማም ሆነ ይጁቤ ሲያድሩ፣ የማያውቁትን ውሃ በጣሳ አፍልተው ያደርቁታል፤ ጣሳው ግርጌ ነጭ ነገር ከቀረ፣ «ይኼ ድንጋይ ተሸክሟል» ብለው ይደፉታል።

በኋላ በአንድ የእህል አምራቾች ማኅበር ተቀጠሩ። ማኅበሩ አዲስ አይሱዙ ገዝቶ፣ በዚያ ጥር ፳፩፣ በእመቤታችን በዓል፣ መኪናው ጸበል ተረጭቶ ተባረከ። ካህኑ ከሄዱ በኋላ ግን ሊቀ መንበሩ አቶ ሙላት የራዲያተሩን የዝናብ ውሃ አስፈስሰው በዚያው ጨው ጨው በሚል ጸበል አስሞሉት፤ ከእንግዲህም ሌላ ውሃ እንዳይገባበት አዘዙ። አባታችን በትሕትና፣ «ጌታዬ፣ ጸበሉ ለሰው ነው፤ ለብረት ዝናብ ይበቃዋል» ቢሉ፣ አቶ ሙላት፣ «ጸበል የሚጸየፍ የቄስ ልጅ ዛሬ አየን!» ብለው በሕዝብ ፊት አሳቁባቸው። ከዚያ ቃል በኋላ በእምነታቸው እንዳይጠረጠሩ ፈርተው፣ ጉዳቱን እያወቁ የታዘዙትን ቀዱ።

ክረምቱ አልፎ እህል ሲጓጓዝ፣ መኪናው ከቁይ ሲመለስ ዳገት ላይ ሞቀና የሞተሩ የላይ ክዳን፣ ቴስታው፣ ተሰነጠቀ። ራዲያተሩ ሲፈታ ቱቦዎቹ በነጭ ቅርፊት ተደፍነው ተገኙ። ኮሚቴው ግን «ገዳሙ ያለ ውሃ ነድቶ ሞተር አቃጠለ» ብሎ አሰናበታቸው፤ ትእዛዙን የሰጡት አቶ ሙላትም ስብሰባውን እየመሩ አንዲት ቃል አልተናገሩም። «ሞተር አቃጣይ» የሚለው ስም በከተማው ተዛምቶ መሪ የሚሰጣቸው ጠፋ፤ የእህል መጋዘን ዘበኛ ሆነው እኛን አስተማሩን። እኔም ከዩኒቨርሲቲ ተመርቄ ስመለስ ጉዳዩ እንዲታይ ማኅበሩን ደጅ ብጠና፣ «ያለፈ ነገር አትቆስቁስ» ተብዬ ተመለስኩ።

አባታችን ግን መኪና ባይኖራቸውም ዝናብ ማጠራቀማቸውን አልተዉም። የሚኒባስ ሾፌሮች ጀሪካን ይዘው በሩን እያንኳኩ፣ «ጋሼ ገዳሙ፣ እስቲ ትንሽ ሰማይ ይቅዱልን» ይሏቸው ነበር፤ እሳቸውም እየሳቁ ይቀዱላቸዋል። የሞተር ድምፅ ከግቢው እስኪርቅ ድረስ ግን በሩን አይዘጉም ነበር።

በኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ ሰኔ ፫ ቀን ፳፻፯ ዓ.ም. በተወለዱ በስድሳ ሦስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ባለቤታቸውን ወይዘሮ የብርጓልን፣ እኔን፣ እህቶቼን ዘመናይንና ፀደንያን፣ እንዲሁም የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን፤ እናታችንንም ያጽናልን።

አቶ ሙላት፣ ለቀብር ስለመጡ እናመሰግናለን። ነገር ግን አስከሬኑ ሳይወርድ፣ ያን ጊዜ የሳቀው ሕዝብ እዚሁ ቆሞ ሳለ፣ በእርስዎ አንደበት ይነገር፤ አቶ ገዳሙ ያለ ውሃ ነድተዋል ወይስ አልነዱም? ቆመን እንሰማለን፤ ይመልሱ።