በአሥራ አንድ እርምጃ ላይ የነበረች ምስክር

የምስክርነት ቃል መቀበያ

የምስክር መጠሪያ፦ በሰፈሩ «ቀስተኛዋ» የምትባል (ሙሉ ስም በመዝገቡ ሽፋን ላይ ሰፍሯል)
ዕድሜ፦ 57
ሥራ፦ አናጢ
አድራሻ፦ ከእንጨት መሰንጠቂያው ፊት ለፊት ያለው የአናጢ ቤት፣ የኋላ ክፍል
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ረቡዕ ኅዳር 12 ቀን፣ ከጠዋቱ 3፡10 ጀምሮ፣ ለቦታ ምልከታ ተቋርጦ ከቀኑ 10፡40 የቀጠለ
ጉዳዩ፦ የደን ጠባቂው ከገደል ወድቆ የደረሰበት ከባድ የአካል ጉዳት

እኔ ከላይ የተገለጽኩት ምስክር ማንም ሳይጠራኝና ሳያስገድደኝ በራሴ ፈቃድ ወደ ጣቢያው መጥቼ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ። ከተጠርጣሪው ጋር ዝምድና የለኝም። ጠብ እንዳለኝ ተጠይቄ አዎ ብያለሁ። ተጠርጣሪው በሰፈሩ «ባሩድ» የሚባለው ባለጠመንጃ አዳኝ ሲሆን ከእሱ ጋር ሆድና ጀርባ ከሆንን ዘጠኝ ዓመት አልፎናል። የጠቡን ምክንያት ስጠየቅ፣ በአንድ ሠርግ ላይ በሰው ፊት «ይህች ሴትዮ ቀስቷን ልብስ ማስጫ ብታደርገው ይሻላት ነበር» ስላለ ነው ብዬ መልሻለሁ። መርማሪው ይህን ሲጽፍ ስለሳቀ፣ ያን ቀን የሳቁትም ብዙ እንደነበሩ ነግሬዋለሁ።

የዱር አሳማ ለማደን የሚያስችል የታደሰ ፈቃድ አለኝ፤ ቁጥሩ ተመዝግቧል። የማድነው በእጄ በሠራሁት የእንጨት ቀስት ነው። ማነጣጠሪያም ሆነ ሌላ የፋብሪካ ነገር የለበትም፤ እንጨትና ክር ብቻ ነው። በዚህ ቀስት ከአሥራ አምስት እርምጃ በላይ መወርወር እንስሳውን አቁስሎ ማሰቃየት ስለሆነ አልወረውርም። ስለዚህ አሳማው ራሱ ወደ እኔ መምጣት አለበት፤ እሱ ሲመጣ ደግሞ እኔ የለሁም ማለት ነው። ይህን ያስተማሩኝ የባለቤቴ አባት ናቸው። ሦስት ወንዶች ልጆች ነበሯቸው፤ ሦስቱም ሩብ ሰዓት ዝም ብሎ መቀመጥ የማይሆንላቸው ናቸው፤ አንዱ ባለቤቴ ነው። አማቴ «ቀስተኛ የሚያድነው በእጁ አይደለም፣ በመቀመጫው ነው» ይሉ ነበር። ወንዶቹን ትተው ሙያውን ለምራታቸው ሰጡ። ይህን የምናገረው ለኩራት አይደለም ልል ነበር፤ ነገር ግን እውነቱን ለመናገር ቃል ስለገባሁ ለኩራትም ነው።

ዓርብ ኅዳር 7 ቀን ከቀኑ 7፡30 ላይ ሥራውን ለባለቤቴ ትቼ ወጣሁ፤ 8፡15 ሲሆን ከማድፈጫዬ ደረስኩ። ማድፈጫዬ ከገደሉ አፋፍ በላይ የሚያልፈው የእግር መንገድ ከሚታጠፍበት አጠገብ ነው። እዚያ ነፋስ የነቀለው ትልቅ ዛፍ ወድቋል። ሲወድቅ ሥሩ አፈሩን እንደያዘ ስለተገለበጠ ግድግዳ ሆኖ ቆሟል፤ ከፊቱም እስከ ጉልበት የሚደርስ ጉድጓድ ቀርቷል። እኔ በዚያ ጉድጓድ ውስጥ በአጭር በርጩማ ላይ፣ ጀርባዬን ለሥሩ ሰጥቼ እቀመጣለሁ።

መርማሪው «ታዲያ ከፊትዎ ምን ይሸፍንዎታል?» ሲለኝ «ምንም» ብያለሁ። ጀማሪ አዳኝ ከቁጥቋጦ ኋላ ይደበቃል። እዚያ ሆኖ ቀስቱን ሲስብ ቅርንጫፍ ይነካል፤ ለማየት ደግሞ አንገቱን ያሰግጋል፤ አሳማውም ሰላም ሳይለው ይሄዳል። እኔ የምቀመጠው ከነገሩ ኋላ ሳይሆን ከፊቱ ነው። ከኋላዬ ያለው ጥቁር ከሆነ የሰውነቴ ቅርጽ እዚያው ጥቁሩ ውስጥ ይጠፋል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ከሥሩ ጀርባ ስለምትሆን እኔ ጥላ ውስጥ ነኝ፣ የሚመጣው ብርሃን ውስጥ ነው። ነፋሱም በዚያ ሰዓት ከገደሉ ሽቅብ ስለሚወጣ ጠረኔን ወደ መንገዱ አያደርስም። የቀስቴ የታችኛው ጫፍ መሬት እንዳይነካ ጉድጓዱን በአካፋ አስተካክያለሁ፤ ከእግሬ ሥር ያለውን ደረቅ ቅጠል በእጄ እለቅማለሁ። ይህን ቦታ ለማግኘት ሁለት ክረምት ፈጅቶብኛል። ለባለቤቴም አላሳየሁትም፤ እሱ ምስጢር የሚጠብቀው ሲተኛ ብቻ ነው።

የመሰንጠቂያው የአሥር ሰዓት ደወል ከተደወለ ሃያ ደቂቃ ያህል እንዳለፈ በመንገዱ ላይ የሰው ድምፅ ሰማሁ። የደን ጠባቂው ከፊት፣ ባሩድ ከኋላ ሆነው መጡ። ከእኔ እስከ እነሱ አሥራ አንድ እርምጃ ነው፤ ይህን ርቀት ከዚያ ቀን በፊት በገመድ ለክቼዋለሁ። ጠባቂው ፈቃዱን እንዲያሳየው ሲጠይቀው ባሩድ ቤት ረስቼዋለሁ አለ። ጠባቂው ወደ እሱ ዞሮ የኋሊት እየተራመደ «ዛሬ ተመለስ፤ ነገ ይዘህ ና» አለው። ባሩድም «ነገ አሳማው ይጠብቀኛል?» አለ። ጠባቂው «ቀጠሮ ያዝለት» ብሎ በራሱ ቀልድ ሳቀ። እየሳቀ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሲጨምር ዝናብ ያራሰው አፋፍ ከሥሩ ተናደ።

ገፍትሮት እንደሆነ ተጠይቄ አልገፈተረውም ብያለሁ። በመካከላቸው ሙሉ ሁለት እርምጃ ነበር። ርቀት ሲገምት የሚሳሳት ሰው በቀስት አያድንም። ከዋሸሁ ዓይኔን ግንባር ያድርገው። ባሩድ ያን ከልጁ አብልጦ የሚያየውን ጠመንጃ ድንጋይ ላይ ወርውሮ በሆዱ ተኛና የጠባቂውን የቦርሳ ጠፍር በሁለት እጁ ያዘ። የጠመንጃው እንጨት መሰንጠቁን መርማሪው ኤግዚቢቱን አይቶ አረጋግጧል። ባሩድ «አይዞህ፣ አትልቀቅ» እያለ፣ ከዚያም «ሰው! ሰው የለም?» እያለ ተጣራ። እኔም ወዲያው ተነሳሁ። ሳልደርስ ጠፍሩ ከዘለበቱ ላይ ተበጥሶ ጠባቂው ወደቀ። በተጠርጣሪው እጅ የተገኘውና ቦርሳውን ነጥቆ ለመግፋቱ ማስረጃ ተብሎ የተያዘው ጠፍር ይኸው ነው።

ባሩድ ዞር ብሎ ሳያይ በጎን በኩል እየተንሸራተተ ወደ ጠባቂው ወረደ። ለአደን ስወጣ ስልክ ስለማልይዝ እኔ በሌላው አቅጣጫ ሮጬ መኪና መንገዱ ዳር ካለው የንብ አርቢው ቤት ሄድኩና ስሜን ሳልናገር አምቡላንስ ጠራሁ። በሆስፒታሉ መዝገብ 10፡38 ላይ ስሟ ያልታወቀ ሴት መደወሏን መርማሪው በፊቴ በስልክ አጣርቷል። ጠባቂው እስከ ዛሬ ራሱን ስላላወቀ የሚናገር ሰው አልነበረም። እኔም ነገሩ በዚያው ያለቀ መስሎኝ ሥራዬ ላይ ነበርኩ። ዛሬ ጠዋት በር ሊያሠራ የመጣ ደንበኛ፣ «ባሩድ ጠባቂውን ገፍትሮ ገደል ከቶት ታስሯል፤ የዚያን ዕለት ዓርብ ጠዋት ሱቅ በር ላይ ሲነታረኩ ሰው አይቷቸዋል» ብሎ ነገረኝ። መላጊያዬን ከሳንቃው ላይ ሳላነሳ፣ ሽርጤን ሳልፈታ መጣሁ። ሰውዬውን አልወደውም። ባልሠራው ሲታሰር ግን ደስ አይለኝም።

መርማሪው «እማማ፣ በአሥራ አንድ እርምጃ ላይ ከፊትዎ ምንም ሳይኖር ሁለት ሰው አላየዎትም ብል ዐቃቤ ሕጉ ይስቅብኛል» አለኝ። «እንግዲያው ሄደን እንየው» አልኩት። ከቀኑ 8፡00 ላይ መርማሪውና ሁለት ፖሊሶች ከእኔ ጋር ወደ ቦታው ሄዱ። ፊታቸውን አዙረው እስከ ሦስት መቶ እንዲቆጥሩ ካደረግኩ በኋላ፣ ከተናደው አፋፍ ከሃያ እርምጃ እንደማልርቅ አስቀድሜ ነግሬያቸው ተቀመጥኩ። ካገኛችሁኝ ቃሌን ቅደዱት ብዬም ነበር።

አርባ ደቂቃ ፈለጉኝ። ቁጥቋጦውን ሁሉ በዱላ ደበደቡት። ከእያንዳንዱ ዛፍ ኋላ አዩ። አንደኛው በወደቀው ግንድ ላይ ወጥቶ ከራሴ በላይ ስለቆመ ከጫማው የረገፈ አፈር ሻሼ ላይ ወድቋል። ሁለተኛው ከፊቴ ቆሞ ለሚስቱ ስልክ ደውሎ «አንዲት አሮጊት ጫካ ውስጥ ጠፍታብን ነው፣ እቆያለሁ» ሲል ሰምቻለሁ፤ አሮጊት ያለኝን ይቅር ብዬዋለሁ። ሰው የተደበቀ ሰው ሲፈልግ ከነገር ኋላ ነው የሚያየው። መርማሪው ለሦስተኛ ጊዜ በሰባት እርምጃ ላይ ሲያልፍ «ልጄ፣ የጫማህ ማሰሪያ ተፈቷል» አልኩት።

(የመርማሪው ማስታወሻ፦ ከላይ የተገለጸው ትክክል ነው። የጫማው ማሰሪያም ተፈትቶ ነበር።)

በዚያች ሰዓት የተሰማኝን ደስታ አልደብቅም። ሃያ ስምንት ዓመት የደከምኩበት ሙያ በሕግ ሰዎች ፊት ተመሰከረለት። አማቴ በሕይወት ቢኖሩ ምንም አይሉኝም ነበር፤ ዝም ብለው ከጎኔ ይቀመጡ ነበር፤ የእሳቸው ምርቃት እንደዚያ ነበር። ሦስቱ ፖሊሶች ተራ በተራ ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጠው አይተውታል። ለዘጠኝ ዓመት የደበቅኩት ቦታ እንግዲህ የመንግሥት ሆኗል፤ ሥዕሉም ከመዝገቡ ጋር ተያይዟል።

ወደ ጣቢያው ተመልሰን ከቀኑ 10፡40 ላይ መርማሪው ቃሌን ለማመሳከር ተጠርጣሪውን አስጠራው። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ሁለት ጠረጴዛና አንድ እግሩ ያጠረ አግዳሚ ወንበር አለው። ባሩድ ጢሙ አድጎ፣ ጠፍሩ የላጠው ቀኝ እጁ በፋሻ ተጠቅልሎ መጥቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። መርማሪው እስከዚህ ያለውን አነበበለት። ባሩድ መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ክሱ አልነበረም።

«የት ጋ ነበርሽ?» አለኝ።

«ከተነቀለው ዛፍ ፊት።»

«ፊት?»

«ፊት።»

ራሱን ነቀነቀ። «በዚያ መንገድ ስንቴ አልፌያለሁ» አለ። ስልሳ ሁለት ጊዜ ማለፉን፣ ሁሉንም እንደቆጠርኩለት፣ ሁለቴ እያንጎራጎረ እንደነበርና ድምፁም ለጠመንጃው የሚመጥን መሆኑን ነገርኩት። በጤናማ እጁ አፉን ይዞ ሳቀ። ከዚያ ለመርማሪው፣ ስለ ቀስቱ በሰው ፊት የተናገረውን አሁን በሰው ፊት መልሶ እንደወሰደውና ይኸው እንዲጻፍለት ነገረው። ተጽፏል። ለዚህ ቃል ዘጠኝ ዓመት ጠብቄያለሁ፤ ሲመጣም ጠብቄው ከነበረው በላይ ጣፍጦኛል።

ከዚያ ሳቁን ተወና በፋሻ የተጠቀለለውን እጁን እያየ «ሰው ብዬ ስጣራ ሰማሽኝ?» አለኝ።

መርማሪው ይህ ጥያቄ ለጉዳዩ እንደማያስፈልግና መልስ የመስጠት ግዴታ እንደሌለብኝ ገልጾልኛል። እኔ ግን ጥያቄውም መልሱም እንዲጻፍ አመልክቻለሁ። ሰምቼሃለሁ ብዬ መልሻለሁ። ስለዚህ ከላይ «እኔም ወዲያው ተነሳሁ» ብዬ ያስመዘገብኩት ትክክል ስላልሆነ እንዲስተካከል እጠይቃለሁ። ወዲያው አልተነሳሁም። ሲጣራ ሦስት ትንፋሽ ያህል ተቀምጬ ቆይቻለሁ። በእነዚያ ትንፋሾች ያሰብኩት ስለ ጠባቂው አይደለም። ከተነሳሁ ባሩድ ቦታዬን ያውቅብኛል ብዬ ነው ያሰብኩት። በአራተኛው ተነሳሁ። ወዲያው ብነሳ ኖሮ እደርስ እንደነበር ተጠይቄ፣ አሥራ አንድ እርምጃ ነው፣ እደርስ ነበር፣ ሁለት ሰው ደግሞ ጠባቂውን ይስበው ነበር ብያለሁ።

ተጠርጣሪው ሌላ ጥያቄ እንደሌለው ገልጿል።

ይህ ቃል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነብቦልኝ፣ የኮራሁበትም ያፈርኩበትም የእኔ መሆኑን፣ አንዱን አስቀርቶ ሌላውን ብቻ ማንም ለፍርድ ቤት እንዳያነብ አሳስቤ፣ በሙሉ እውነት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

በዚህ ቃል ውስጥ በምስክሯ ጥያቄ የተሰረዘ፦ አንድ ቃል፣ «ወዲያው»።

የምስክሯ ፊርማ ____________
የተጠርጣሪው ፊርማ (በግራ እጅ የተፈረመ) ____________
የመርማሪው ፊርማ ____________