የዳልቻ ቦታ

በእኛ ዘመን፣ መምህርት ልጄ፣ «ዝም ብለሽ ተቀመጪ» የሚል ስልክ አልነበረም። አትሳቂ! ጧት ጧት አይሻለሁ እኮ፤ ከተከራየሽው ክፍል ብቅ ትይና በርጩማዋ ላይ ቁጭ ብለሽ፣ ያን ክር የመሰለ ነገር ጆሮሽ ውስጥ ወትፈሽ፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ... መጀመሪያ የታመምሽ መስሎኝ ባለቤቴን የሺን «ኧረ ይህች ልጅ ምን ሆና ነው?» ብያት ነበር። ታዲያ ትናንት ስጠይቅሽ «አባባ፣ ስልኩ ትንፋሼን እንዳዳምጥ ያስተምረኛል፤ ልቤ እንዲረጋ ነው» አልሽኝ። አሁን ደግሞ «እርስዎስ እንዲህ ያለ ነገር ያውቃሉ ወይ?» ትይኛለሽ። አውቃለሁ እንጂ! እኔን ያስተማረኝ ግን ስልክ አይደለም፣ ወይፈን ነው። ወይፈን! ይኸው የሺም ጥጧን እየፈተለች ትሰማለች፤ ብዋሽ ታርመኛለች።

እኔ ያን ጊዜ፣ ጥርሴ ሳይረግፍ፣ ቁጡ ነበርሁ። ቁጡ ስልሽ ዶሮ መንገዴ ላይ ብትቆም ከዶሮ ጋር የምጣላ ሰው። ከዚህ እስከ ቡሬ ገበያ ድረስ «ያ እሳቱ ሰውዬ» ነው የምባል። የንስሐ አባቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ቀኖና ሲሰጡኝ ስግደት አላሉኝ፣ ጾም አላሉኝ፤ «አንተ ስግደቱንም በቁጣ ነው የምትሰግደው» አሉና «ጧት ጧት ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር፣ ወይራዋ ሥር ተቀመጥና ጽሞና ያዝ፤ ምንም አትናገር፣ ምንም አትለምን» አሉኝ። «ካልለመንሁ ታዲያ ምን ልሠራ ነው የምቀመጠው?» ብላቸው፣ «አንተ ሁልጊዜ እንደሮጥህ ነው፤ እግዚአብሔር የሚነግርህ ነገር ቢኖረው በየት በኩል ይድረስብህ?» አሉኝ። እሺ ብዬ ተቀመጥሁ። እና ምን አሰብሁ መሰለሽ? አጥሬን! የጎረቤቴ ከብት አጥሬን እንዳፈረሰው ትዝ አለኝና፣ ጽሞናውን ሳልጨርስ ተነሥቼ ልጣላ ሄድሁ።

ታዲያ በዚያ ዓመት ነገር ተደራረበብኝ። የፊተኛዋ ሚስቴ፣ አንጓች፣ ሁለት ልጆች ጥላብኝ አርፋ ነበር። ዓመቷ ሲወጣ ዘመድ አዝማዱ «ወንድ ብቻውን ልጅ አያሳድግም» ብሎ የሺን አጋባኝ። የሺ ገና ለቤቱ አዲስ ናት፤ እና በዚያው በጋ በሬዬ ዳልቻ ታሞ ሞተ። ዳልቻ! አመድማ፣ ሰፊ ደረት፣ እዚሁ ግቢ ተወልዶ እዚሁ ያደገ። ቦራ የሚባል ሌላ በሬ አለኝ፤ ቦራ በግራ፣ ዳልቻ በቀኝ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ እንዲያ ነው የተጠመዱት። እኔ እርፉን ጨበጥ አደርጋለሁ እንጂ አራሾቹስ እነሱ ነበሩ።

እንግዲህ ምን ይደረግ፣ ደምበጫ ገበያ ወርጄ አንድ ጥቁር ወይፈን ገዛሁ። ስም እንኳ አላወጣሁለትም። ሰኔ ገባ፣ ዝናቡ ያዘ፣ ሰው ሁሉ ማሳው ላይ ነው። አንድ በሬ ያለው አንድ በሬ ካለው ጋር ተጣምሮ በተራ የሚያርስበት መቀናጆ አለን፣ ታውቂያለሽ፤ ታዲያ ሰው ሁሉ ቀድሞ ተቀናጅቶ አልቋል፣ ቁጡን ሰውዬ ደግሞ ማን ይጠብቀዋል? ያ ወይፈን ካላረሰ የእኔ መሬት ጦም ያድራል፣ ልጆቼም በሰው ደጅ ይቆማሉ። ነገሩ ይኸው ነው፣ ሌላ የለውም።

ወይፈኑን ጠመድሁት። ትንሽ ሄደና እግሩን አጥፎ ትልሙ መሐል ተኛ! ቀንበሩን ይዞ ሲወርድ ቦራ አንገቱ ተጣሞ ቆመ። ጮህሁ፣ ገረፍሁ፣ ተነሣ፤ ሁለት እርምጃ ሄደና ደግሞ ተኛ። በማግሥቱም ያው፣ በሠልስቱም ያው። አያ ታከለ የሚባል ጎረቤት አለኝ፣ ያ በአጥር የተጣላሁት፤ ከማሳው ላይ ሆኖ እጁን አፉ ላይ አድርጎ «ኧረ ጭራውን ንከሰው! ኧረ እሳት አስጠጋበት!» ይለኛል። ነከስሁት ልጄ! በጊዮርጊስ፣ የበሬ ጭራ ነከስሁ! ወይፈኑ ዞር ብሎ አየኝና መልሶ ተኛ።

እና በዚያው ቀን፣ ካፊያ እያካፋ፣ እኔ ላብና ዝናብ ተደባልቆብኝ «ተነሥ! ዳልቻ! ተነሥ ብዬሃለሁ ዳልቻ!» እያልሁ ስገርፍ፣ የሺ ምሳ ይዛ ደረሰች። እንጀራውን ድንጋይ ላይ አኖረች።

«ማንን ነው የምትጠራው?» አለችኝ።

«በሬውን ነዋ! አታይም?»

«እሱ ዳልቻ ነው?» አለች። ይህን ብቻ። ድምጿን እንኳ ከፍ አላደረገች። ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ቤት ተመለሰች።

ትልሙ ውስጥ፣ ወይፈኑ አጠገብ፣ ጭቃው ላይ ዘጭ ብዬ ተቀመጥሁ። አያ ታከለ ይህን ሲያይ «ኑ ጉድ እዩ! ሰውዬው ከወይፈን ጋር ሱባኤ ገባ!» ብሎ ጮኸ፤ ማሳው ሁሉ ሳቀ። ሌላ ቀን ቢሆን ያን ሳቅ በዱላ ነበር የምመልሰው። ያን ቀን ግን መነሣት አስጠላኝ። ዝም ብዬ ተቀመጥሁ፣ ምንም አልለመንሁም። ወይፈኑ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፣ እፍ እፍ፣ እፍ እፍ፤ እኔም እንደሱ። ቆየት ሲል እሱ ረጋ፣ እኔም ረጋሁ። ያ ስልክሽ የሚልሽ ይኼንኑ አይደል? እና ከየት እንደመጣ እንጃ፣ አፌ «ዳልቻ እኮ ሞቷል» አለ። ከሞተ ጀምሮ ያችን ቃል ብያት አላውቅም ነበር። አለቀስሁ ልጄ፣ ዝናቡ ሸፈነልኝ እንጂ እንደ ሕፃን አለቀስሁ። ለዳልቻም፣ ለአንጓችም፣ ለሁሉም።

እንግዲህ ከሰማይ ድምፅ ሰማሁ አልልሽም፣ እኔ ማን ነኝና። ብቻ ሆዴ ውስጥ አንድ ረጋ ያለ ነገር «እስቲ እየው» አለኝ። አየሁት። ቀኝ እጄን ባነሣሁ ቁጥር፣ ጅራፍ የምይዝበትን እጄን፣ ወይፈኑ በዚያ በኩል ቆዳው ይንቀጠቀጣል። ለካስ በቀኝ ያለ በሬ ጅራፉ ከጆሮው ሥር ነው! ዳልቻ ቤቴ ያደገ ነውና ጅራፌ ጨዋታ ይመስለው ነበር። ይኼ ግን ለእኔም ለአገሩም እንግዳ ነው፤ በዳልቻ ቦታ ገትሬ፣ በዳልቻ ስም ጠርቼ፣ ዳልቻ ሁንልኝ እያልሁ ነው የምገርፈው። ከየት ያምጣው?

ተነሣሁ። ፈታኋቸውና ቦራን ወደ ቀኝ፣ ወይፈኑን ወደ ግራ አዞርሁ። ቦራ ያረጀ በሬ ነው፣ ዕድሜውን ሙሉ ግራ ኖሮ አሁን ቀኝ አልሄድም ይላል ብዬ ልቤ ተንጠለጠለ። እሱ ግን ምንም ሳይል ዳልቻ ቦታ ገብቶ አንገቱን ለቀንበሩ ሰጠ። ከእኔ ቀድሞ ተቀብሎት ኖሯል! ጅራፉን ድንጋዩ ላይ ትቼ «በል እንግዲህ፣ የእኛን እንሥራ፣ የቀረውን እግዜር ያውቃል» አልሁ። ወይፈኑ አንድ እርምጃ፣ ሁለት እርምጃ... ሄደ! ትልሙ ጥምዝምዝ ነው፣ አያ ታከለ እስከ ዛሬ ይስቅበታል፤ ግን ማሳው ዳር ደረስን ልጄ፣ ደረስን! በማግሥቱ አያ ታከለ ራሱ መጥቶ «ተካ በለው፣ ዳልቻን ተክቷል» አለኝ። «አይሆንም» አልሁት፤ «ዳልቻን የሚተካ የለም፣ ይኼም የማንም ምትክ አይደለም»። መልኩን አይቼ ጉራቻ አልሁት።

ከንስሐ አባቴ ብዙ ሰምቻለሁ፣ የገባኝ ግን ያን ቀን ነው። መቀመጡ ብቻ ቢሆን ወይፈኑም እኔም እንደተኛን ክረምቱ ያልፍ ነበር። መነሣቱ ብቻ ቢሆን ደግሞ ቆዳው እስኪላጥ እገርፈው ነበር። ተቀምጠሽ ትሰሚያለሽ፣ ከዚያ ተነሥተሽ ትሠሪያለሽ። ጤፉ ዘግይቶ ነው የተዘራ፣ ግን ደረሰልን፤ ልጆቼ ከሰው ደጅ አልቆሙም። ተመስገን፣ ተመስገን፣ ሺህ ጊዜ ተመስገን! ጉራቻም እስኪያረጅ አረሰልኝ። አይደለም እንዴ የሺ? ምን ያስቅሻል?

— እውነት ነው እማማ?

— እውነት ነው ልጄ፣ አንድም አልዋሸ። ግን አንድ ነገር ዘለለ። በሬውን ማን ብሎ ይጠራው እንደነበር ነገረሽ፤ እኔን ማን ብሎ ይጠራኝ እንደነበርስ ነገረሽ?

— ኧረ የሺ! ተይ እንጂ፣ በእንግዳ ፊት...

— «አንጓች ውኃ አምጪ፣ አንጓች በሩን ዝጊ»! ከገባሁ ጀምሮ እንዲያ ነበር። እኔ ደግሞ አዲስ ሙሽራ፣ ምን አፍ አለኝ? አቤት እያልሁ እላካለሁ። ታዲያ እዚያ ማሳ ላይ «ማንን ነው የምትጠራው?» ያልሁት ለወይፈኑ ብዬ መስሎታል፣ ይኸው እስከ ዛሬ!

— እና ከዚያስ እማማ?

— ያን ቀን አመሻሽ ላይ ጭቃ በጭቃ ሆኖ መጣ። ቀንበሩን አወረደና በሩ ላይ ቆሞ «የሺ» አለኝ። ሌላ ምንም አላለም፣ «የሺ» ብቻ። እና ልጄ፣ እሱ ስለ ጤፉ ያመስግን፤ እኔ ጉራቻ ያረጀ ጊዜ አይታረድም ብዬ ቆሜ የተከራከርሁለት በእሱ ሰበብ በስሜ ስለተጠራሁባት ስለዚያች ማታ ነው።